የኔትዎርክ ዲቫይስ ሎግ በቲሲፒ መቀበል፦ ግማሹ አይደርስም፣ የደረሰው ደግሞ በቁጥር ስም ፋይል ይከፍታል

ራክ21 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኔትዎርክና ሊኑክስ የሚነካካ ሰው ካለ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ።

የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በየክልሉ ያሉ ድርጅት ውስጥ ነው። ቅርንጫፎቹ ላይ የሲስኮ ራውተርና ስዊች አለ። ዋናው ቢሮ ላይ አንድ የሲስኮ ኤኤስኤ ፋየርዎልና አንድ ፎርቲጌት አለ። እስካሁን ሁሉም ሎጋቸውን (የሥራ መዝገባቸውን) በዩዲፒ፣ መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልከው ፕሮቶኮል፣ በፖርት 514 ወደ አንድ ኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር ነበር የሚልኩት፤ ሰርቨሩ ላይ ሎጉን ተቀብሎ የሚጽፈው ፕሮግራም አርሲስሎግ ነው። ችግሩ፣ የቅርንጫፍ መስመር ሲቆራረጥ የሚጠፋው በትክክል ያኔ የምንፈልገው ሎግ ነው። መስመሩ ወደቀ የሚለው መልእክት ራሱ በወደቀው መስመር ነው የሚላከው፣ ስለዚህ ውሃ ይበላዋል። ኦዲተሮች መጥተው የአንዱን ራውተር ሎግ አይተው «ይሄ መሀል ላይ ያለው ክፍተት ምንድን ነው?» አሉ። አለቃዬም ወደ ቲሲፒ፣ መጀመሪያ ግንኙነት ከፍቶ ወደሚልከው ፕሮቶኮል፣ ቀይረው አለኝ።

ያደረግኩት ይሄ ነው። አርሲስሎግ ዋና ኮንፊግ ውስጥ የኢምቲሲፒን (በቲሲፒ የሚቀበለውን ሞጁል) መስመሮች ከፈትኩ፣ ፖርቱን 514 አልኩት፣ ሪስታርት አደረግኩ። ስዊቾቹ ላይ «ሎጊንግ ሆስት 10.20.0.15 ትራንስፖርት ቲሲፒ» ብዬ ጻፍኩ። ፎርቲጌቱ ላይ የሲስሎጉን (የሎግ መላኪያውን) ሞድ ከ«ዩዲፒ» ወደ «ሪላየብል» ቀየርኩት። ኤኤስኤውን ገና አልነካሁትም።

ፎርቲጌቱ ወዲያው መጣ። ስዊቾቹ ግን ዝም ጭጭ። ከሲስኮዎቹ የሚመጡት ባልደረባዬ ያዋቀራቸው ሁለት ራውተሮች ብቻ ናቸው፤ ለምን እነሱ ብቻ እንደሆኑ አልገባኝም።

የሚመጡት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጉድ አመጡ። ቲሲፒውን ስጀምር አዲስ ቴምፕሌት ነበር ያስገባሁት፤ ለእያንዳንዱ ዲቫይስ ፎልደር፣ ውስጡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ፋይል የሚከፍተውን፣ በየድረገጹ የምታዩትን። የራውተሩን ፎልደር ስከፍተው 4521 የሚባል ፋይል፣ 4522 የሚባል ፋይል፣ 4523 የሚባል ፋይል እያለ ይቀጥላል። አንድ መልእክት፣ አንድ ፋይል። ፎልደሩ ሊፈነዳ ነው።

ፎርቲጌቱን በቲሲፒደምፕ (በመስመሩ የሚያልፈውን በሚያሳየው መሣሪያ) ሳየው ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት ከመጀመሩ በፊት 312፣ 298 ምናምን የሚል ቁጥር አለ። ይሄ ምንድን ነው? ጤነኛ ነው?

ከዚህ ሌላ ቲሲፒ ስጠቀም ማወቅ ያለብኝ አደጋ ካለም ንገሩኝ። ኤኤስኤውን የምቀይረው ነገ ማታ ነው።

—

ሊኑክስ ወዳጅ

ሰላም ወንድም። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ከሱ ልጀምር።

ሲስኮ አይኦኤስ ላይ «ትራንስፖርት ቲሲፒ» ብለህ ፖርት ካልጻፍክ ዲቫይሱ የሚያንኳኳው 514ን ሳይሆን 601ን ነው። ዩዲፒ ሲሆን 514፣ ቲሲፒ ሲሆን 601፤ ዲፎልቱ እንዲህ ነው። አንተ ደግሞ ሰርቨሩን 514 ላይ አስቀምጠኸዋል። ባልደረባህ ሁለቱ ራውተሮች ላይ የፖርቱን ቁጥር ጨምሮ ጽፎ ይሆናል፣ ኮንፊጋቸውን ክፈትና እይ። ፎርቲጌት የመጣልህ ደግሞ ሞዱን ብትቀይረውም ፖርቱ 514 ላይ ስለሚቆይ ነው። ነገ ኤኤስኤው ጋ ስትሄድ እሱም የራሱ ቁጥር አለው፤ ቲሲፒ ብለህ ፖርት ካልሰጠኸው 1470 ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ምንጊዜም ፖርቱን በእጅህ ጻፍ፣ ለዲፎልት አትተወው።

እኔ ብሆን ግን 514ንም አልመርጥም። በዩዲፒ 514 የሲስሎግ ነው፣ በቲሲፒ 514 ግን በይፋ የተመዘገበው ለድሮው የሪሞት ሼል አገልግሎት ነው። ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን መሀል ላይ ያለ ፋየርዎል ወይም የደህንነት ስካነር «ሪሞት ሼል ተገኘ» ብሎ ሲጮህ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ። 1514 ወይም ሌላ ከ1024 በላይ የሆነ፣ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ነገር የማይጠቀምበት ቁጥር ምረጥ።

ቀይረህ ስትጨርስ በዚህ ቅደም ተከተል እይ፣ አታዘባርቅ። መጀመሪያ አርሲስሎግን ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ኮንፊጉን በ«ኤን1» ኦፕሽን አስፈትሸው፤ የተሳሳተ ቅንፍ ካለ መስመሩን ነግሮህ ይወጣል፣ የሚሠራውን ሰርቪስ አይነካም። ቀጥሎ በ«ኤስኤስ» ትእዛዝ ሰርቨሩ በእርግጥ በቲሲፒ 1514 ላይ እያዳመጠ መሆኑን አረጋግጥ። ዩዲፒውን መክፈት ቲሲፒውን አይከፍትም፣ ሁለቱ የተለያዩ ሞጁሎች ናቸው፤ ኡቡንቱ ላይ ሁለቱም ከመነሻው በኮሜንት ምልክት ተዘግተው ነው የሚመጡት። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ካለህ ፖርቱን ክፈት፣ ግን ለዓለም ሁሉ አትክፈተው፤ ከማኔጅመንት ሰብኔቶችህ ብቻ።

ከዚያ ከሌላ ሊኑክስ ማሽን በ«ሎገር» ትእዛዝ ላክለት። ቲሲፒ የሚለውን ኦፕሽን፣ የሰርቨሩን አይፒና ፖርቱን ሰጥተህ አንድ መስመር ጽሑፍ ላክ። ያ ከደረሰ ሰርቨርህ ጤነኛ ነው፣ ከዚህ በኋላ ችግሩ ያለው ዲቫይሱ ወይም መንገዱ ላይ ነው። ዲቫይሱ ላይ «ሾው ሎጊንግ» ስትል የሰርቨሩ አይፒ ካለበት መስመር ላይ ፕሮቶኮሉንና ፖርቱን፣ ከጎኑም «ሊንክ አፕ» የሚል ታያለህ። «ሊንክ ዳውን» ካለ ግንኙነቱ አልተከፈተም። ይሄ በዩዲፒ ጊዜ ያልነበረህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዩዲፒ ላይ ዲቫይሱ ላከ እንጂ ደረሰ አልደረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሬድ ሃት ዘር የሆነ ሰርቨር የምትጠቀሙ ሌሎች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ አዲስ ፖርት ስትመርጡ ኤስኢሊኑክስ (ፕሮግራሞች የሚነኩትን የሚገድበው የደህንነት ሥርዓት) ይከለክላችኋል። ፖርቱን በ«ሴማኔጅ» ለሲስሎግ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፣ እባካችሁ።

ስለ ፎርቲጌቱ ቁጥር አትጨነቅ። ቲሲፒ የባይት ጅረት ነው፤ የአንዱ መልእክት መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ የት እንደሆነ በራሱ አያሳይም። ስለዚህ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው በየመልእክቱ መጨረሻ አዲስ መስመር መጨመር ነው። ሁለተኛው ከመልእክቱ በፊት ርዝመቱን በባይት መጻፍ ነው፤ 312 ማለት «ቀጥሎ ያለው 312 ባይት አንድ መልእክት ነው» ማለት ነው። ፎርቲጌት በ«ሪላየብል» ሞድ የሚጠቀመው ሁለተኛውን ነው። ኢምቲሲፒ ሁለቱንም ይረዳል፣ አንተ የምትነካው ነገር የለም። የቁጥሩን ፋይሎች ጉዳይ ለሌሎች ልተወው፣ ሲስኮ የሚያውቅ ሰው ቢመልስልህ ይሻላል።

—

የሌሊት ፈረቃ

ሰላም ራክ21። የቁጥሩን ነገር እኔ ልመልስ፣ ስንት ሰው ሲያንገላታ አይቻለሁ።

ሲስኮ አይኦኤስ የሚልከው መልእክት ሲስሎግ ይመስላል እንጂ በደንቡ የተጻፈ አይደለም። አንዱን አብረን እንየው፤ እንዲነበብ ቃላቱን በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ፦

<187>4521: *ማርች 12 08:14:22.105: %ሊንክ-3-አፕዳውን: ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/1 ዳውን

መጀመሪያ ያለው 187 ምንጩንና ክብደቱን አንድ ላይ የያዘ ቁጥር ነው። ሲስኮ ራሱን ሎካል7 ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው፤ ሎካል7 ማለት 23 ነው። 23 በ8 ሲባዛ 184። ላዩ ላይ ክብደቱን 3 ስትጨምር 187። 3 ደግሞ ኤረር ማለት ነው፣ «ሊንክ-3» ከሚለው ጋር ይገጥማል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

ከዚህ በኋላ አርሲስሎግ የሚጠብቀው ቀን ነው። ያገኘው ግን 4521 እና ሁለት ነጥብ ነው። ይሄ ዲቫይሱ የላካቸውን መልእክቶች የሚቆጥርበት ቁጥር ነው። አርሲስሎግ ቀን አይደለም ይልና፣ ሆስትኔምም አይመስልም ይልና፣ መጨረሻ ላይ «እንግዲህ የፕሮግራሙ ስም ይሆናል» ብሎ ይወስደዋል። ያንተ ቴምፕሌት ደግሞ በፕሮግራም ስም ፋይል ክፈት ይላል። ቁጥሩ በየመልእክቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም በየመልእክቱ ይጨምራል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም አድርግ። አንደኛ፣ ለኔትዎርክ ዲቫይስ በፕሮግራም ስም ፋይል መክፈት አቁም። ፎልደር በላኪው አይፒ፣ ውስጡ የቀኑ ፋይል፣ በቃ። አይፒውን የምትወስደው «ፍሮምሆስት-አይፒ» ከሚለው ፕሮፐርቲ ነው። መልእክቱ ውስጥ ከተጻፈው ሆስትኔም አትውሰድ፤ መልእክቱ ውስጥ ያለውን ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል፣ የቲሲፒ ግንኙነቱን አይፒ ግን በቀላሉ አያስመስሉትም። ዲቫይሶቹ ላይም «ሎጊንግ ሶርስ-ኢንተርፌስ» ብለህ ሉፕባኩን (የማይወድቀውን የውስጥ ኢንተርፌስ) ስጣቸው፤ አለበለዚያ መንገድ በተቀየረ ቁጥር አንድ ራውተር በሌላ አይፒ ይመጣና ሁለት ፎልደር ይሆንብሃል። መሀል ላይ አይፒ የሚቀይር ኤንኤቲ ካለ ደግሞ ሁሉም በአንድ አይፒ ስለሚመጡ «ሎጊንግ ኦሪጅን-አይዲ ሆስትኔም» የሚለውን አብራ።

ሁለተኛ፣ አርሲስሎግ ውስጥ የሲስኮ አይኦኤስን ቋንቋ የሚያውቅ «ፒኤምሲስኮአይኦኤስ» የሚባል የፓርሰር (መልእክት ተንታኝ) ሞጁል አለ። ጫነውና ለሲስኮ ብቻ የተለየ ሩልሴት (የደንብ ስብስብ) ሥራ። ሩልሴቱን ከ1514 ጋር እሰረው። ፎርቲጌቱን ወደ 1515 ወስደህ የራሱን ሩልሴት ስጠው፤ የሱ አጻጻፍ ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ቁልፍና ዋጋ እያለ ነው የሚሄደው። ኦሪጅን-አይዲ ካበራህ ፓርሰሩ ላይ «ፕረዘንት ኦሪጅን» የሚለውንም ኦን ማድረግ አለብህ፣ ካለዚያ እንደገና ይሳሳታል። ሲስኮ አጻጻፉ ከስሪት ስሪት ስለሚለያይ ፓርሰሩ ሁሉንም ይዞ ላይገኝ ይችላል፤ ከየሞዴሉ አንድ አንድ ሞክር።

የፎልደሩን ባለቤትነትም እይ። ኡቡንቱ ላይ አርሲስሎግ የሚጽፈው «ሲስሎግ» በሚባል ዩዘር እንጂ በሩት አይደለም። ቫር ሎግ ሥር በሩት የፈጠርከው ፎልደር ውስጥ መጻፍ አይችልም፣ ሎጉ ደረሰ ግን የትም የለም የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አሁን ከቀኑ በፊት ያለችውን ኮከብ ተመልከታት። ያቺ ኮከብ ጌጥ አይደለችም። ዲቫይሱ «ሰዓቴን አትመኑኝ፣ ከማንም ጋር አላስተካከልኩም» እያለ ነው። በኮከብ ፋንታ ነጥብ ካየህ ደግሞ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ነበር፣ አሁን ግን ከኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካይ) ሰርቨሩ ጋር ተለያይቷል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የድሮ ስዊቾች ሰዓታቸውን ይረሱና በኮከብ ይጽፋሉ። ቲሲፒውን ከመጨረስህ በፊት ለሁሉም ኤንቲፒ ስጣቸው። ለኦዲተር ሰዓቱ የማይታመን ሎግና የጠፋ ሎግ ያው ናቸው።

ታይምስታምፑ ላይ ሚሊሰከንድ፣ የአካባቢ ሰዓትና የሰዓት ቀጠናው እንዲወጣ አድርግ። የቀጠናውን ስም «ኢኤቲ» (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) ብለህ ከሰጠኸው ያንኑ ይጽፋል። አርሲስሎግ ግን «ኢኤቲ» ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ኮንፊጉ ላይ «ታይምዞን» በሚለው አይዲውን «ኢኤቲ»፣ ልዩነቱን +03:00 ብለህ ንገረው። እኛ ጋ የበጋ ሰዓት ለውጥ ስለሌለ አንዴ ከጻፍከው አለቀ።

እግረ መንገዴን፣ የቅርንጫፍ ሰው ደውሎ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተቋርጦ ነበር» ሲልህ ሎጉ ላይ የምትፈልገው 02 ነው። ሄልፕ ዴስክ ላይ ያሉት ልጆች ቲኬቱን ሲጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ቃል እንዲጨምሩ አድርግ። በ20 ላይ የሚፈለግ የ02 ሎግ በቲሲፒም ቢመጣ አይገኝም።

—

ፋይበር

ሌላው ሁሉ ተብሏል። እኔ የመጣሁት «ኤኤስኤውን ነገ ማታ እቀይራለሁ» ስላልክ ነው። እባክህ ይሄን ሳታነብ እንዳትነካው።

ሲስኮ ኤኤስኤ ላይ የሲስሎግ ሰርቨር በቲሲፒ ስትሰጠው፣ ያ ሰርቨር ካልተገኘ ፋየርዎሉ አዲስ ግንኙነት ማሳለፍ ያቆማል። ከመነሻው የተዋቀረው እንዲህ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ሐሳቡ «ያልተመዘገበ ትራፊክ አይለፍ» ነው፤ ለአንዳንድ ተቋም ትክክል ሊሆን ይችላል። ለአንተ ግን የሎግ ሰርቨሩን አፕዴት አድርገህ ሪስታርት ባልክበት ሰዓት የድርጅቱ ኢንተርኔት ቆመ ማለት ነው። የተከፈተው ግንኙነት ይቀጥላል፣ አዲስ የሚከፍት ግን በሩ ተዘግቶበታል። ስልክህ መጮህ ይጀምራል፣ ማንም ደግሞ ሎግ ሰርቨሩን አይጠረጥርም። ሰው ዲኤንኤስ ሲፈትሽ፣ መስመር ሲፈትሽ ያመሻል።

ይሄን የሚፈታው «ሎጊንግ ፐርሚት-ሆስትዳውን» የሚል አንድ መስመር ነው። ሰርቨሩ ባይኖርም አሳልፍ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቅ፤ መጀመሪያ ይሄን መስመር አስገባ፣ ከዚያ ነው የቲሲፒ ሰርቨሩን የምትጨምረው። በግልባጩ ካደረግከውና ፖርቱ ላይ ስሕተት ካለ ትእዛዙን በጻፍክባት ደቂቃ ነው የሚቆመው። ኤኤስኤው ሰርቨሩን ሲያጣ 414003 ቁጥር ያለው መልእክት ያወጣል፣ አዲስ ግንኙነት እያሳለፈ ይሁን እየከለከለ እዚያው ላይ ይጽፈዋል። 201008 ካየህ ከልክሏል ማለት ነው።

ነገሩ ሰርቨሩ ሲጠፋ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ዲስክህ ሞላ እንበል። አርሲስሎግ መጻፍ አቃተው፣ ሜሞሪ ላይ ያለው ወረፋ ሞላ፣ ወረፋው ሲሞላ ኢምቲሲፒ ከግንኙነቱ ማንበብ ያቆማል። ግንኙነቱ ከላይ ሲታይ ክፍት ነው፣ ግን ምንም አያሳልፍም። ዩዲፒ ቢሆን ላኪው ሳያውቅ ሎጉ ብቻ ይጠፋ ነበር። በቲሲፒ ግን ግፊቱ ወደ ኋላ ሄዶ ላኪው ጋ ይደርሳል። ለዚህ ነው ሎጉን የራሱ ፓርቲሽን ላይ አድርግ፣ ሎግሮቴት (አሮጌ ሎግ የሚያስወግደውን) አዘጋጅ፣ ዲስኩ 80 ከመቶ ሲደርስ የሚጮህ ነገር አስቀምጥ የምልህ። በዩዲፒ ጊዜ ሎግ ሰርቨሩ ቢሞትም ማንም አይጎዳም ነበር፤ አሁን ግን እንደ አንድ ዋና ሰርቨር ነው የምትንከባከበው።

ሁለተኛው ጉዳይ አለቃህ የጠበቁት ነገር ነው። ቲሲፒ ማለት ሎግ አይጠፋም ማለት አይደለም። ይሄን አስቀድመህ ንገራቸው፣ በኋላ ክፍተት ሲገኝ አንተ ላይ እንዳይመጣ። ራውተሩ መልእክቱን ለራሱ የቲሲፒ በፈር ሲሰጥ ላክሁ ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ ደብዳቤውን በር ላይ ላለው ዘበኛ ሰጥቶ አለቃው አነበበው ብሎ እንደመሄድ ነው። መስመሩ በዚያች ሰዓት ቢቆረጥ በፈሩ ውስጥ የቀሩት መልእክቶች ይጠፋሉ፣ ራውተሩም የትኞቹ እንደጠፉ አያውቅም። የአርሲስሎግ ጸሐፊ ራይነር ጌርሃርድስ ራሱ ይሄን ስላየ ነው ሬልፕ የሚባለውን ፕሮቶኮል የሠራው። ሬልፕ ላይ ተቀባዩ አርሲስሎግ «ደርሶኛል» ብሎ በመልእክት ደረጃ ይመልሳል፣ ላኪው ያ እስኪመጣ አይጥልም። ግን ስዊችና ራውተር ሬልፕ አይችሉም። ሲስሎግ በቲሲፒ ነው ያላቸው፣ አንዳንዶቹም እሱም የላቸውም፤ ሚክሮቲክ ስድስተኛው ስሪት ላይ ወደ ሰርቨር የሚልከው በዩዲፒ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቅርንጫፍ ክፍተት እውነት እንዲዘጋ ከፈለግህ መፍትሔው ቅርንጫፉ ውስጥ ነው። አንዲት ትንሽ ሊኑክስ ማሽን አስቀምጥ፣ ያረጀ ዴስክቶፕ ይበቃል፣ ከራውተሩ ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ ትሁን። ስዊቹና ራውተሩ ለሷ ይላኩ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዩዲፒም ቢሆን አያሳስብም። እሷ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሬልፕ ትልካለች። የመላኪያው አክሽን ላይ ወረፋውን ፋይል ስም ስጠው፣ ዲስክ ላይ እንዲያድር። የዲስክ ጣሪያ ወስንለት፣ ሲዘጋ ያለውን እንዲያስቀምጥ አድርግ። ሙከራውን -1 በለው፣ ሳይሰለች ለዘላለም ይሞክር ማለት ነው። መስመሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋ ጠዋት ሲመጣ የሌሊቱ ሁሉ ተከታትሎ ይገባል። «መስመሩ ወደቀ» የሚለውን መልእክት የምታገኘው ያኔ ነው።

ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ባይቻል እንኳ ከሚቆራረጡት ጀምር።

—

ራክ21

እጃችሁ ይባረክ ሁላችሁም። ፋይበር፣ ያንተን መልእክት ፕሪንት አድርጌ ለአለቃዬ አሳየሁት፤ የኤኤስኤው ሥራ ወደ እሁድ ተዛወረ፣ «ፐርሚት-ሆስትዳውን» ቀድሞ ይገባል።

ፖርቱ እንዳላችሁት ነው። የባልደረባዬ ሁለት ራውተሮች ላይ ፖርት 514 ተጽፎ ነበር፣ ስዊቾቹ ላይ ግን አልነበረም። ሁሉንም 1514 አደረግኳቸው፣ «ሊንክ አፕ» አሉ። ፓርሰሩም ሠራ፣ ፎልደሩ አሁን ንጹሕ ነው። ፎርቲጌቱ 1515 ላይ ብቻውን ነው።

አንድ አዲስ ነገር መጣ። ትናንት አንድ አካባቢ ላይ መብራት ጠፍቶ ብዙ ቅርንጫፎች አንድ ላይ ወደቁ። ሲመለሱ ሰርቨሩ ላይ ስቆጥር ግንኙነቱ ከዲቫይሶቹ ቁጥር በላይ ነው፣ አንዱ ራውተር ሁለትና ሦስት ክፍት ግንኙነት አለው። የአርሲስሎግ ራሱ ሎግ ላይም የቲሲፒ ሴሽን በዛ፣ አዲስ አልቀበልም የሚል አየሁ። ምን ላድርግ?

—

ሊኑክስ ወዳጅ

ያ የሚጠበቅ ነው። ራውተሩ መብራት ሲጠፋበት ተሰናብቶ አይሄድም፣ በቃ ይጠፋል። ሰርቨሩ በዚያ ግንኙነት ላይ የሚልከው ነገር ስለሌለው፣ ተቀባይ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላኛው ጫፍ መሞቱን የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ራውተሩ ሲነሳ አዲስ ይከፍታል፣ አሮጌው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኢምቲሲፒ ደግሞ ከመነሻው የሚፈቅደው 200 ሴሽን ነው። ሙታኑ ቦታውን ይዘውት ሕያዋኑ ውጭ ቀሩ።

ኢምቲሲፒ ላይ «ኪፕአላይቭ» የሚለውን ኦን አድርገው። ሰርቨሩ በየጊዜው «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፣ መልስ ከሌለ ይዘጋዋል። የሊኑክስ ዲፎልት ግን መጠየቅ የሚጀምረው ግንኙነቱ ዝም ካለ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ለአንተ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው በ5 ደቂቃ ውስጥ እንዲሆን እዚያው ኮንፊጉ ላይ አሳጥረው። «ማክስሴሽንስ» የሚለውንም ከዲቫይሶችህ ብዛት ሁለት እጥፍ በላይ አድርገው። ለአንድ ፕሮሰስ የሚፈቀደውን የክፍት ፋይል ቁጥርም አብረህ አሳድግ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ይበላል፣ እያንዳንዱ የሎግ ፋይልም እንዲሁ።

—

የሌሊት ፈረቃ

ከመጨረስህ በፊት ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው፣ ተራ ቲሲፒ ግልጽ ጽሑፍ ነው። መሀል ላይ ያለ ሰው ሁሉንም ያነባል። ሰዎች ሎግኢን ሲሉ ቸኩለው ፓስወርዳቸውን የዩዘርኔም ቦታ ላይ ይጽፋሉ፣ ያ ደግሞ «ያልተሳካ ሎግኢን» ተብሎ በሎጉ ይወጣል። በውጭ መስመር የሚያልፈውን በቲኤልኤስ (በምስጠራ) አድርገው፤ ለዚያ የተመደበው ፖርት 6514 ነው። የድሮ ስዊቾች ቲኤልኤስ አይችሉም፣ ስለዚህ ፋይበር ያላት ትንሽ ማሽን እዚህም ትረዳሃለች፤ እሷ በሬልፕ ላይ ቲኤልኤስ ትጠቀም። የሰርተፊኬቱን ማብቂያ ቀን ካላንደር ላይ አስገባው፣ ያ ቀን ሲደርስ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ሌሊት ነው ዝም የሚለው።

ሁለተኛው፣ ያ ያስቸገረህ 4521፣ 4522 የሚል ቁጥር እንዳታጠፋው። ብዙ ሰው «ሜሴጅ-ካውንተር» የሚለውን አጥፋ ብሎ ይመክራል። እኔ አልመክርም። ፋይሉ ላይ የተተነተነውን ብቻ ሳይሆን ጥሬውን መልእክት፣ «ሮውኤምኤስጂ» የሚለውን ፕሮፐርቲ ጻፍ፣ ቁጥሩ አብሮ ይቀመጣል። ከዚያ ቁጥሩ የሚዘልበትን ቦታ የምትፈልግ አጭር ስክሪፕት በየሌሊቱ አስኪድ። ከ4521 ቀጥሎ 4530 ከመጣ ስምንት መልእክት ጠፍቷል፤ የየትኛው ራውተር እንደሆነና ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ በእጅህ አለ። ቁጥሩ ወደ 1 ከተመለሰ ደግሞ ራውተሩ ተነስቷል።

እሁድ ኤኤስኤውን ስትቀይርም ዝም ብለህ አትሂድ። ከቀየርክ በኋላ አርሲስሎግን ሆን ብለህ አቁመው፣ ከውስጥ አዲስ ድረገጽ ክፈት። ከተከፈተ መልሰህ አስነሳው፣ 414003 ሎጉ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ አንብብ። ካልተከፈተ «ፐርሚት-ሆስትዳውን» አልገባም፤ ሰው ቢሮ ሳይገባ ታስተካክለዋለህ።

—

ራክ21

ስክሪፕቱን ዛሬ እጀምራለሁ። ሦስት በጣም የሚቆራረጡ ቅርንጫፎች መርጠናል፣ ለነሱ የሚሆን ማሽን ስቶር ውስጥ አለ። የእሁዱን ሙከራ ውጤት እዚሁ እጽፋለሁ።